ያልጻፉትን ማስረከብ



ንግግሬን በሁለት ዜናዎች ልጀምር። ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ኦፕን ኤአይ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ቻት ጂፒቲን ለሕዝብ ለቀቀ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በጥር ወር፣ የትምህርት ሚኒስቴር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ውጤት ይፋ አደረገ። ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተፈተኑት ፈተና ነበር። ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ፈተና 3.2 በመቶ፣ ከዚያም በኋላ 5.4 በመቶ።

እነዚህን ሁለት ዜናዎች አገናኝቶ የሚያነሳ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። እኔ ግን ስለ ተማሪዎቻችንና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ባሰብኩ ቁጥር አብረው ይመጡብኛል። ያ ትውልድ መውደቁ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን፣ በቴሌግራም ሲነገረው ከረመ። በርካቶቹ ሪሜዲያል በተባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት በኩል ወደ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ሲገቡም የማይሰለች፣ የማይቆጣ፣ እንግሊዝኛው የማይሰበር መሣሪያ በስልካቸው ላይ ጠበቃቸው። በራሱ ላይ ያለው እምነት የተናጋ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር እጁ ሲገባ ምን ያደርጋል ብለን ነበር የጠበቅነው?

ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ የምሰማው አብዛኛውን ጊዜ ስንፍና ነው። «የዛሬ ልጆች ማንበብ ጠሉ» ይባላል። በዚህ አልስማማም። ሰነፍ ተማሪ በየዘመኑ ነበረ፣ ይኖራልም። ዛሬ መሣሪያው ላይ አጥብቆ ተደግፎ የማየው ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ሲጨነቅ የሚያድር፣ ቤተሰቡ እዳ ገብቶ የላከው፣ መውደቅን ከሁሉም በላይ የሚፈራ ልጅ ነው። የሚደገፈው በራሱ ስለማያምን ነው። የድጋፉ መንገድ ደግሞ በራሱ እንዲያምን ሊያደርገው የሚችለውን ነገር ይወስድበታል። ከዚያ የባሰ ይፈራል፣ የባሰ ይደገፋል። ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚህ አዙሪት ነው።

መሣሪያውን ላወግዝ አልመጣሁም። አንድ መጽሐፍ ለስንት ተማሪ በሚዳረስበት ላይብረሪ፣ መምህሩ ቀርቶ ሃንድአውቱ ብቻ በሚላክበት ክፍል፣ እኩለ ሌሊት ላይ «ይህን በሌላ መንገድ አስረዳኝ» ሲሉት የሚያስረዳ ነገር መገኘቱ ቀላል አይደለም። ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት የሚያሳፍራት ልጅ ያንኑ ጥያቄ ደጋግማ ብትጠይቀው አይስቅባትም። ይህን በረከት የሚክድ ሰው የግቢ ኑሮን አያውቅም።

አልበርት ባንዱራ ካናዳ ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ ሰው «ይህን ሥራ እወጣዋለሁ» የሚለው እምነት ከየት እንደሚመነጭ መረመረ። አራት ምንጮችን ጠቀሰ። ከአራቱ የሚበረታው ራስ ሠርቶ መወጣት ነው። አንድ ተማሪ ካልኩለስ ላይ ሲታገል አምሽቶ አንዲት ጥያቄ ቢፈታ ያገኘው መልሱን ብቻ አይደለም። «ተቸግሬ ነበር፣ ወጣሁት» የሚል ማስረጃ እጁ ገብቷል። በሌላ ቀን ሌላ ጥያቄ ሲያስቸግረው ያንን ማስረጃ ይመዝዛል። እንዲህ እየተጠራቀመ ነው ሰው በራሱ የሚያምነው።

አሳይመንቱን ቻት ጂፒቲ ሲሠራለት ግን ከ20 18 ሊያመጣ ይችላል፣ ማስረጃው ግን አይገኝም። እንዲያውም የሚመዘገበው ተቃራኒው ነው። ያ 18 የማን እንደሆነ ልቡ ያውቃል። «እኔ ብሠራው ኖሮ 8 ነበር የማመጣው» እያለ ሳይሞክር በራሱ ላይ ይፈርዳል። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚለው የአባቶቻችን ቃል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል፤ ወርቁን ያጠለቀው ሰው ራሱ ነው አለመድመቁን ቀድሞ የሚያውቀው።

ሁለተኛው ምንጭ ብዙ አይወራለትም። እኔ ግን በእኛ ግቢዎች ሁኔታ ከፍ ያለ ቦታ እሰጠዋለሁ። እሱም እንደ ራስ ያለ ሰው ሲወጣው ማየት ነው። የዶርም ጓደኛህ፣ እንዳንተው ከገጠር ወረዳ የመጣ፣ የላብራቶሪ ሪፖርቱን ሲጽፍ ሲሰርዝ፣ ሲበሳጭ፣ ወጥቶ ሲመለስ ታያለህ። በመጨረሻ ሲሳካለት «እሱ ከቻለ እኔስ?» ትላለህ። ያ መጻፍና መሰረዝ አሁን ከዓይን ጠፍቷል። ሁሉም የተስተካከለ ጽሑፍ ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ ሌላው ሁሉ ገብቶት እሱ ብቻ ያልገባው ይመስለዋል። በአንድ ዶርም የሚያድሩ ስድስት ልጆች አንዱን ፍርሃት ለየብቻ ታቅፈው፣ አንዱን ጥያቄ ለየብቻ ለስልካቸው ይጽፋሉ። አብሮ መቸገር አብሮ ለመበርታት ምን ያህል እንደሚጠቅም የገባኝ መቅረቱን ካየሁ በኋላ ነው።

ሦስተኛው ምንጭ የማበረታቻ ቃል ነው። ይህ በግቢዎቻችን አልጠፋም፤ አዳራሽ ሞልቶ «ትችላላችሁ!» ይባላል፣ ይጨበጨባል። ባንዱራ ግን በቃል ብቻ የተገነባ እምነት ከተጨባጭ ውድቀት ጋር ሲጋጠም ቶሎ እንደሚፈርስ ጽፏል። መሣሪያውም ራሱ ማሞካሸት ያውቅበታል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ኦፕን ኤአይ አንድ ማሻሻያውን መልሶ የሰረዘው ተጠቃሚውን ከልክ በላይ የሚያወድስ ሆኖ ስለተገኘ ነበር። አራተኛው የሰውነት ስሜት ነው፤ የልብ መምታት፣ የእጅ ማላብ። መሣሪያው የሌሊቱን ጭንቀት ያስታግሳል፤ ጭንቀቱ ግን አልሄደም፣ ስልክ ወደማይገባበት የፈተና አዳራሽ ቀጠሮውን አዛወረ እንጂ።

ይህ ሁሉ ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ሙከራ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካው የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቱርክ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወደ 1000 የሚጠጉ ተማሪዎችን ይዘው ሒሳብ አለማመዱ። ከፊሎቹ ተራውን ጂፒቲ 4 እንዲጠቀሙ ተፈቀደላቸው። ሌሎቹ መልሱን ሳይሰጥ ፍንጭ እየሰጠ እንዲመራ ተደርጎ የተዘጋጀ ሌላ ዓይነት ተሰጣቸው። የቀሩት መጽሐፍና ደብተራቸውን ብቻ ያዙ። በልምምዱ ወቅት ተራውን የተጠቀሙት 48 በመቶ፣ ፍንጭ ሰጪውን የያዙት ደግሞ 127 በመቶ የተሻለ ሠሩ። ከዚያ መሣሪያው ተነጠቀና ፈተና ተሰጠ። ተራውን ይጠቀሙ የነበሩት ምንም ካልተሰጣቸው ተማሪዎች በ17 በመቶ አንሰው ተገኙ። ፍንጭ ብቻ ይሰጣቸው በነበሩት ላይ ይህ ጉዳት በአብዛኛው አልታየም።

ከቁጥሮቹ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ሌላው ግኝታቸው ነው። ያነሱት ተማሪዎች ማነሳቸው አልታወቃቸውም፤ ከሌሎቹ እኩል የሠሩ መስሏቸው ነበር። እንግዲህ ሁለት ዓይነት ጉዳት አለ ማለት ነው። አንዱ ያለውን ችሎታ አያምንበትም። ሌላው የሌለውን አለኝ ብሎ ያምናል። ሁለቱም ግን ከአንድ መንገድ የመጡ ናቸው።

ማይክሮሶፍትና ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጡት ጥናት 319 ባለሙያዎች በሥራቸው ላይ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን እንዴት እንደሚጠቀሙ ተጠይቀው ነበር። በመሣሪያው ይበልጥ የሚያምኑት የሰጣቸውን በጥሞና የመመርመር ነገራቸው እንደቀነሰ፣ በራሳቸው ችሎታ የሚያምኑት ግን ይበልጥ እንደሚመረምሩ ታየ። ከዚህ የምረዳው በራሱ የሚያምን ሰው መሣሪያውን ሲሞግተው፣ በራሱ የማያምን ሰው ደግሞ ሲሰግድለት እንደሚኖር ነው። ለመጠራጠር እንኳ መጀመሪያ ራስን ማመን ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አትቀየሙኝ። የእኛን ተማሪ ጉዳይ ከቱርኩም ከአሜሪካውም የሚለየው ቋንቋ ነው። ልጁ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በሲዳምኛ አስቦ ያደገ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ትምህርቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይሆንበታል፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ ፕሮፖዛልና ዲፌንስ ይጠብቀዋል።

አንዲት ተማሪዬ የመመረቂያ ጽሑፍ ፕሮፖዛል አመጣችልኝ። የአካባቢዋ ገበሬዎች ማሳቸውን ባሕር ዛፍ ስለማልበሳቸው ነው። እንግሊዝኛው እንከን የለሽ ነበር፤ ስለ ዘላቂ ልማት፣ ስለ ባለድርሻ አካላት፣ ስለ አየር ንብረት ብዙ ይላል፤ ግን የየትኛውም አገር ፕሮፖዛል ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን አስቀምጬ «እስቲ በአማርኛ ንገሪኝ፣ ገበሬው ለምን ነው ባሕር ዛፍ የሚተክለው?» አልኳት። ነገረችኝ። ማዳበሪያ ተወደደ አለች። ወንዶቹ ልጆች ከተማ ገቡ፣ የሚያርስ ጉልበት የለም አለች። ባሕር ዛፍ አይታረም፣ አይታጨድም፣ አጣናውን ለቤት መሥሪያ ነጋዴው ማሳው ድረስ መጥቶ ይገዛል አለች። ከተተከለ በኋላ ግን አጠገቡ ያለው የጎረቤት ጤፍ ይቀጭጫል፣ በዚህ የተነሳ ድንበርተኞች ይካሰሳሉ፣ ሽማግሌዎች ከድንበር ይህን ያህል ክንድ ራቁ እያሉ ይዳኛሉ አለች። እኔ እየሰማሁ በልቤ ሦስት የምርምር ጥያቄ ቆጠርኩ። ካስረከበችኝ ወረቀት ላይ ግን ከነዚህ አንዱም የለም።

«ይህን ለምን አልጻፍሽውም?» ብላት፣ «መምህር፣ ይህ እኮ ወሬ ነው፤ ሪሰርች አይደለም» አለችኝ።

በዚህ መልስ ላይ ብዙ አስቤያለሁ። ቻት ጂፒቲ አይደለም ይህን ያስተማራት። ከስልኩ በፊት ለዓመታት የሰማችው ነገር ነው፤ በተሰበረ እንግሊዝኛ የተነገረ ሐሳብ ሐሳብ እንዳልሆነ፣ ከመንደሯ የመጣ ዕውቀት ዕውቀት እንዳልሆነ። መሣሪያው መጥቶ ያንን አረጋገጠላት። የሷን እንግሊዝኛ አስተካክሎላት ቢሆን ኖሮ ባልከፋኝ፤ እሱ ግን እሷን ራሷን አውጥቶ ሌላ ነገር ተካባት። እሷም ተመስገን ብላ ተቀበለች፤ ምክንያቱም የተካው ነገር ከራሷ የተሻለ መስሏታል። በራስ ችሎታ አለማመን ማለት እኔ የማውቀው ከዚህ የከፋ መልክ የለውም።

አንዳንዱ «ታዲያ ቋንቋው ባዕድ ከሆነ ምን ታድርግ?» ይለኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ባዕድ ቋንቋ መማር በዚህች አገር ትናንት የመጣ አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ የሚቀኘው በግዕዝ ነው፤ ግዕዝ ለማንም የእናት ቋንቋ አይደለም። በዋሸራም በጎንጅም በዋድላም የቅኔ መንገድ ተማሪው የሚጀምረው በሁለት ስንኝ ጉባኤ ቃና ነው። ብቻውን ሜዳ ወጥቶ፣ ጫካ ገብቶ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም በሐሳቡ ያዘጋጃል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፣ ያቃናለታል። የሌላውን ሰው ቅኔ አሳምሮ ቢይዝ ቅኔ አወቀ አይባልም፤ የራሱን ማምጣት አለበት። ሁለቱ ስንኝ ሲቀናው ሦስት፣ ከዚያም እያደገ እስከ መወድስ ይደርሳል። ጀማሪውን ልጅ በአንድ ጊዜ መወድስ ተቀኝ ያለው መምህር የለም። ያንን ሥርዓት እንዳለ ዩኒቨርሲቲ እናምጣው እያልኩ አይደለም፤ ያ ቤት የራሱ ጭካኔና የራሱ ረሃብ አለው። ባንዱራ የጻፈውን ግን የኛ የቅኔ መምህራን በተግባር ያውቁት ነበር፤ ትንሽ የራስ ሥራ፣ ቶሎ የሚመጣ እርማት፣ ደረጃ በደረጃ መክበድ። እኛ ግን ለ1ኛ ዓመት ተማሪ በእንግሊዝኛ ሃያ ገጽ ተርም ፔፐር እናዛለን፤ እርማቱም፣ ከመጣ፣ ከሴሚስተሩ በኋላ ይመጣል። ሁለቱን ስንኝ ያልጠየቅነው ልጅ ሃያውን ገጽ ከስልኩ ቢያመጣ ምን ይገርማል?

ጥገኝነቱም አዲስ አይደለም። የቡድን ሥራ ሲባል አንዱ ቀለሜ ሠርቶ የተቀሩት ስም ሲያስገቡ ኖረናል። የመመረቂያ ጽሑፍ ሲገለበጥና ሲሸጥ እንደነበር የማያውቅ የለም። የመውጫ ፈተና በሐምሌ 2015 በአብዛኛው የትምህርት ዘርፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ያለፉት 40.65 በመቶ ነበሩ። እነዚያ ተማሪዎች አብዛኛውን ትምህርታቸውን የጨረሱት ቻት ጂፒቲ ከመምጣቱ በፊት ነው። ስለዚህ ችግሩን ሁሉ በመሣሪያው ላይ መጫን ራሳችንን ማታለል ይሆናል። መሣሪያው ያደረገው የቀለሜውን ቦታ መውሰድ ነው፤ ልዩነቱ ቀለሜው አንዳንዴ «ና ቁጭ በል፣ ላሳይህ» ይል ነበር።

መምህራን ባልደረቦቼ፣ ስለ መያዝና መቅጣት አንድ ነገር ልለምናችሁ። የማሽን ጽሑፍ እለያለሁ በሚሉ መሣሪያዎች ተማሪ አትክሰሱ። ኦፕን ኤአይ ራሱ ያወጣውን መለያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 አንስቶታል። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች የጻፏቸውን 91 የቶፍል ድርሰቶች ለሰባት መለያዎች ሰጡ። መለያዎቹ በአማካይ 61 በመቶ የሚሆኑትን የማሽን ናቸው አሉ። ምክንያቱ የቃላት ምርጫው ውስን መሆኑ ነው፤ ያ ደግሞ የኛ ልጆች እንግሊዝኛ ነው። በገዛ እጁ ለፍቶ የጻፈውን ልጅ «ይህ ያንተ አይደለም» ብትሉት ዳግመኛ ለመልፋት ምን ምክንያት ይቀረዋል?

ከመለያ መሣሪያ ይልቅ አምስት ደቂቃ ይሻላል። ካስረከቡት መካከል በየሳምንቱ ጥቂቶቹን በዕጣ ጥሩና «ይህን አንቀጽ ለምን እዚህ አመጣኸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ክፍሉ ብዙ ሰው እንዳለው አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው በዕጣ የምለው፤ ዕጣው ሊደርሰው እንደሚችል የሚያውቅ ተማሪ ሁሉ ተዘጋጅቶ ይመጣል። መልሱን በሚያስብበት ቋንቋ ይስጥ፤ እንግሊዝኛውን ከዚያ በኋላ አብራችሁ ፈልጉለት። ለመጀመሪያው ረቂቅ፣ ለተሰረዘ ለተደለዘው፣ ነጥብ ስጡ። መጥፎ ረቂቅ ነጥብ የሚያስገኝ ከሆነ ልጁ የሚደብቀው ነገር አይኖረውም። ጎበዞቹ ያስረከቡትን ብቻ ሳይሆን የሰረዙትንም ለክፍሉ አሳዩ፤ ከላይ ያነሳሁት ሁለተኛው ምንጭ የሚመለሰው በዚህ ነው።

ተማሪዎች፣ እናንተን ስልካችሁን ጣሉ አልላችሁም። ከመክፈታችሁ በፊት ግን ጥያቄውን በወረቀት ላይ በራሳችሁ ቋንቋ ሞክሩት፤ ግማሽ ገጽ ይበቃል፣ ስሕተት ቢሞላውም ግድ የለም። ከዚያ መሣሪያውን «መልሱን አትንገረኝ፣ የት ላይ እንደተሳሳትኩ በጥያቄ ምራኝ» በሉት። ቱርክ ላይ ተማሪዎቹን ያልጎዳው ዓይነት አጠቃቀም ወደዚህ የቀረበ ነው፤ ይህን ለማድረግ የተለየ ፕሮግራም መግዛት አያስፈልግም፣ ማዘዝ ብቻ ነው። እንግሊዝኛችሁን እንዲያርም ስጡት፤ ሐሳባችሁን እንዲተካ አትስጡት፤ ካረመላችሁ በኋላም የናንተ ነገር መቅረቱንና አለመቅረቱን ከረቂቃችሁ ጋር አስተያዩ። ከዚያ አንድ የዶርም ጓደኛ ጠርታችሁ ሳታዩ አስረዱት። ማስረዳት የቻላችሁት የእናንተ ነው። ባልቻላችሁት ላይ ደግሞ የት ቦታ እንደቆማችሁ አውቃችኋል፤ ነገ የሚጀመረው ከዚያ ነው።

ወላጆችም አንድ ነገር ታግዙናላችሁ። ልጁ ለዕረፍት ሲመጣ ግሬዱን ብቻ አትጠይቁት። ምን እንዳስቸገረው፣ እንዴት እንደወጣው ጠይቁት፤ በቤት ቋንቋ ያስረዳችሁ። አልገባንም ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁት።

ያቺ ተማሪ ፕሮፖዛሏን እንደገና ጻፈችው። እንግሊዝኛው ከፊተኛው ይልቅ ሸካራ ነበር፤ በሁለተኛው ገጽ ላይ ግን ስለ ድንበርተኞች ክስና ስለ ሽማግሌዎቹ ዳኝነት የሚጠይቅ አንድ ጥያቄ ነበረበት። በዲፌንሷ ቀን ፈታኞቹ ብዙውን ጊዜ ያጠፉት በዚያ ጥያቄ ላይ ነው። አንዱ ፈታኝ ሲሞግታት «አይደለም፣ እኔ ቦታው ላይ የጠየቅኳቸው እንዲህ አላሉም» ብላ መለሰችለት፤ ድምፅዋም አልተንቀጠቀጠም።

የኔ ንግግር እዚህ ላይ ያበቃል። የቀረው ሰዓት ለጥያቄ ነው፤ ማይክራፎኑ ከኋላ ካሉት ይጀምር፣ በሚቀናችሁ ቋንቋ ጠይቁ።